ላልቶና ጠብቆ

ሸክላ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት የሚጠነክረው፣ ማሰሮና ጀበና፣ ምጣድና ጋን የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ድምፅ የተቀረጸበትና በማጫወቻ ላይ የሚሽከረከረው ጥቁር ዝርግ ክብ ነው። የጥንቶቹ የድምፅ ሸክላዎች ከእጅ ሲያመልጡ እንደ ገንቦ ይሰባበሩ ስለ ነበር የስም ዝምድናቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ይሁን እንጂ በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያያሉ። ማሰሮ የያዘውን ላጋደለው ሁሉ ያፈሳል። የድምፅ ሸክላ ግን የያዘውን በሙሉ የሚሰጠው በሚገባው መርፌ ለሚጠይቀው ብቻ ነው።

መርፌው በሸክላው ትልም ውስጥ እየሄደ የትልሙን ግድግዳ ውጣ ውረድ ይከተላል። መርፌውን አቅፎ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ትንሽ ሣጥን ካርትሪጅ ይባላል። ካርትሪጁን ተሸክሞ ከሸክላው ዳር ወደ መሐል የሚያደርሰው ደግሞ ክንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የካርትሪጁና የክንዱ ስምምነት ነው። ጉዳዩ በአንደኛ እይታ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መዝናኛ ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ከዚህ ይከብዳል። ከዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሰፊው ምዕራፍ የተጻፈው በሸክላ ትልም ውስጥ ነው፤ ያ ትልም ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይፋቃል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ዘመን ተጀመረ። ከ61 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ እስከዚያ ድረስ ለአገር ፍቅር ብቻ ተፈቅዶ የነበረውን የሸክላ ሥራ በድፍረት ጀመረ። ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም በዚያው መስክ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች እንደ ታተሙ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ካሴት ቦታውን ወረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳይ አገር የወጣው «ኤትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ከነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹን ለዓለም ጆሮ አድርሷል። ሁሉንም ግን አላዳረሰም። የቀሩት በየቤቱ፣ በየቁም ሣጥኑና በየአልጋው ሥር ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያመራው መንገድ ወገራን አቋርጦ በዳባት በኩል ደባርቅ ይደርሳል። በዳባት የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የገዟቸው 43 ትናንሽ ሸክላዎች አሏቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያጫውቷቸው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ተንጠልጣይ ማጫወቻ ነበር። በኋላ መብራት ሲገባ ትልቅና ከባድ ማጫወቻ ከጎንደር ገዙ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጦርነቱ እሳት እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ተመለከቱ። ሸክላዎቹ ከዚያ መከራ ተርፈዋል። መምህሩም ሰላም በሆነ ጊዜ ድምፁ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገለበጥላቸው ሸክላዎቹን ከነማጫወቻው በአውቶቡስ ጭነው እኔ ወደምኖርበት ወደ ደባርቅ አመጡልኝ። «ልጄ፣ እኔ ሳልፍ እነዚህን የሚያውቃቸው የለም» ሲሉ ነበር ያስረከቡኝ።

ማጫወቻው የዱሮ ሥራ ነው። ክንዱ ወፍራም የብረት ቧንቧ ሲሆን ያረጀው ካርትሪጅ ወልቆ በምትኩ ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ፣ በቀላልነቱና በልዝብነቱ ዝናን ያተረፈ ካርትሪጅ ተገጥሞለታል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን አይወጣላቸውም። አንድ ላይ ሲሠሩ ግን ሸክላው በትንሹ በተጣመመበት ቦታ ሁሉ የድምፅ ማጉያው ሸራ ያለ ድምፅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ የዘፋኙ ድምፅ ይርገበገባል፤ መርፌው አንዴ ወደ ትልሙ ይሰምጣል፣ አንዴ ከትልሙ ሊወጣ ይቃጣዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከወገራ ማሳ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በዚያ የገብስ አገር ሞፈርና ማረሻ እንደ መሬቱና እንደ በሬው እንደሚመረጡ የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። ከባድ ሞፈር በለዘበ አፈር ላይ ሲጎተት ማረሻው ከመጠን በላይ ይሰምጣል። ቀላሉ ሞፈር ደግሞ በጠጣር መሬት ላይ እየዘለለ ትልሙን ያበላሻል። ገበሬው «ከሁሉ የሚበልጠው ሞፈር የትኛው ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው «ለዚህ መሬት የሚሆነው የትኛው ነው?» የሚል ነው።

በሸክላ ማጫወቻም ላይ ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች ይገናኛሉ። አንዱ የክንዱ የእንቅስቃሴ ክብደት ነው። ይህ መርፌው በትልሙ ላይ ከሚያሳርፈው የ2 ወይም የ3 ግራም ጫና የተለየ ነው፤ ክንዱን ከተቀመጠበት ለማነቃነቅ ሲሞከር መርፌው ዘንድ የሚሰማው ክብደት ማለት ነው። ከክንዱ መዞሪያ የራቀ ክብደት በርቀቱ እጥፍ ድርብ ስለሚቆጠር በክንዱ ራስ ላይ የምትጨመር አንዲት ግራም፣ ከኋላ ካለው ሚዛን መጠበቂያ ብዙ ግራሞች ይልቅ ትሰማለች። ሌላው ጠባይ የመርፌው ልልነት ነው። መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ላስቲክ ሲገፉት ምን ያህል እሺ እንደሚል የሚለካበት ነው። ለምሳሌ ልልነቱ 30 ነው ሲባል፣ አንድ ሚሊኒውተን፣ ማለትም የግራም አንድ አሥረኛ ያህል ግፊት ሲያርፍበት መርፌው 30 ማይክሮሜትር ይርቃል ማለት ነው።

ክብደትና ልልነት ሲጣመሩ በላስቲክ እንደ ተንጠለጠለ ድንጋይ የራሳቸው የንዝረት ፍጥነት ይኖራቸዋል። ይህ ፍጥነት ከ8 እስከ 12 ኸርትዝ ባለው መሐል እንዲያርፍ ይፈለጋል። የሸክላ መጣመም የሚፈጥረው ውጣ ውረድ በአብዛኛው ከ6 ኸርትዝ በታች ነው። ጆሮ የሚሰማው ሙዚቃ ደግሞ ከ20 ኸርትዝ በላይ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ሸንተረር ለጥንዱ ንዝረት የተተወ ሥፍራ ነው። ወደ ታች ከወረደ መርፌው በሸክላው መጣመም ይናወጣል። ወደ ላይ ከወጣ የከበሮውንና የባሱን ድምፅ ያለ ቦታው ያሳብጣል። የተቃራኒዎችን አንድነት በንድፈ ሐሳብ የተማረ አንባቢ እዚህ በሁለት ግራም ብረትና በአንዲት ነጥብ ላስቲክ ላይ ያገኘዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የክንዱን የእንቅስቃሴ ክብደት፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሮ በልልነቱ ቁጥር ማባዛት፤ በራሱ ሲባዛ ያንን ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር መፈለግ፤ ከዚያ 159ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል። የመምህሩ ማጫወቻ ክንድ 18 ግራም ነው። ከውጭ የተላከው ካርትሪጅ 6 ግራም፣ ብሎኖቹ 1 ግራም፣ ድምሩ 25። በልልነቱ በ30 ሲባዛ 750 ይሆናል። ውጤቱ 5.8 ኸርትዝ፣ ማለትም በቀጥታ በሸክላው መጣመም ክልል ውስጥ ነው። የሸራው መናወጥና የድምፁ መርገብገብ ምሥጢሩ ይኸው ነበር።

ይህ አለመጣጣም የመነጨው ከዘመን ነው። እያንዳንዱ ዘመን መርፌውን ለክንዱ፣ ክንዱንም ለመርፌው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የዴንማርኩ ኦርቶፎን ኤስፒዩ ከነማቀፊያው ከ30 ግራም በላይ የሚመዝን፣ ለከባድ ክንድ የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካው ሹር ቪ15 ሲወጣ አዝማሚያው ወደ ቀላልና ወደ ልል አዘነበለ፤ ክንዶችም ተከትለው ቀለሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረው የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 በ12 ግራም ክንዱ መካከለኛውን መንገድ ይዟል። የአንዱን ዘመን ዝነኛ ከሌላው ዘመን ዝነኛ ጋር ያጣመረ ሰው፣ ሁለት ደጋግ ሰዎችን ጠባያቸውን ሳይጠይቅ እንዳጋባ ሽማግሌ ይሆናል።

ለመምህሩ ክንድ የሚስማማው ጠበቅ ያለና ከበድ ያለ ካርትሪጅ ነበር። የጃፓኑ ዴኖን ዲኤል-103 በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ታስቦ የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል። ክብደቱ 8.5 ግራም ነው። አምራቹ የሚሰጠው የልልነት ቁጥር 5 ቢሆንም ይህ በ100 ኸርትዝ የተለካ ስለ ሆነ፣ ለ10 ኸርትዝ ስሌት ወደ እጥፍ ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። 18፣ 8.5ና 1 ሲደመሩ 27.5፤ በ10 ሲባዛ 275፤ ውጤቱ 9.6 ኸርትዝ፣ ከሚፈለገው ሸንተረር እምብርት ላይ ነው። ዋጋ የሌለው ምርጫ ግን የለም። ይህ ካርትሪጅ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ስለ ሆነ ተጨማሪ ማጉያ ይጠይቃል፤ ከነማጉያውም ለአንድ ጡረተኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተጋግዘው ገዙላቸው።

በስሌቱ ውስጥ የማይገባ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የአገሩ አየር ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተራራው የሚወርደው የንጋት ብርድ መርፌውን የሚይዘውን ላስቲክ ያጠነክረዋል። አምራቾች ልልነትን የሚለኩት ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። በመሆኑም በጠዋት የላስቲኩ ልልነት ይቀንሳል፤ መርፌውም ትልሙን ለመከተል ያመነታል። የመገልበጡ ሥራ የተሠራው ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተባለው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። አማርኛችን ፊደሉ አንድ ሆኖ ላልቶ ሲነበብ አንድ፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ትርጉም የሚሰጥ ቋንቋ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይኖራል ማለት ነው። የአዝማሪውና የባለቅኔው ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚህች ቀጭን መስመር ላይ ነው። ከዚህም ሌላ «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ጠ» የሚለያዩት እጅግ ባጠረ የፉጨትና የፍንዳታ ቅጽበት ነው። ይህ ቅጽበት በሸክላ ላይ ከሁሉ የደቀቀው የትልም ቅርጽ ነው፤ ስለዚህም በማይስማማ መርፌ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

አደጋው ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ይበረታል። በባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ላይ መርፌው በመጀመሪያው ትልም በሴኮንድ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ወደ መሐል ሲደርስ ክቡ ስለሚጠብ ጉዞው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው «ሰ» በጠበበ ቦታ ተጨናንቆ ይጻፋል። የክንዱ ማዕዘንም እዚህ ላይ ይፈተናል። በአንድ ነጥብ ላይ የሚሽከረከር ክንድ መርፌውን ከትልሙ ጋር ፍጹም ትክክል የሚያደርገው በሁለት ቦታዎች ብቻ ነው፤ በተለመደው ስሌት ከሸክላው መሐል በ66ና በ121 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ። የትናንሾቹ ሸክላዎች ድምፅ ያለው ከ84 እስከ 54 ሚሊ ሜትር ባለው ርቀት ስለ ሆነ ሁለተኛው ነጥብ ለነርሱ አይደርስም። ካርትሪጁ ሲታሰር በ66 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው ነጥብ በጥንቃቄ መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

የመርፌው ጫፍም የራሱ ድርሻ አለው። የተንጠልጣዩ ማጫወቻ ከባድ መርፌ ለዓመታት በትልሙ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ፍቋል። ስፋቱ የተለየ ጫፍ ከዚያ መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልተነካ ግድግዳ ሊያገኝ ይችላል። ከሸክላዎቹ ብዙዎቹ በአንድ መሥመር ድምፅ፣ በሞኖ የተቀረጹ ናቸው። በእነርሱ ላይ የካርትሪጁ ሁለት መሥመሮች አንድ ላይ ሲደመሩ የመርፌው የላይና የታች መንጠር የሚፈጥረው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ለተሰማ እሸቴ ዘመን ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ደግሞ ይህ ሁሉ አይበቃም። ለእነርሱ ጫፉ ከ65 እስከ 75 ማይክሮሜትር የሚደርስ መርፌ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ዘመን መርፌ 15 ወይም 18 ብቻ ስለ ሆነ በትልማቸው ወለል ላይ እንደ ጠጠር ይንከባለላል።

ከ43ቱ ሸክላዎች መካከል ስለ እናቱ የሚያንጎራጉር የአንድ ድምፃዊ ሥራ ነበር። መምህሩ የመጨረሻውን ስንኝ ከልጅነት ጓደኞቻቸው ጋር ሲዘፍኑ የኖሩት «ሸጠችኝ» እያሉ ነው። ለእርሳቸው ዘፈኑ በእናቱ የተከዳ ልጅ እንጉርጉሮ ነበር። ስንኙ ያለው በሸክላው መሐል፣ ትልሙ በጠበበበት ሥፍራ ነው። በተስማማው መርፌ ሲጫወት ግን ፉጨቷ ቀጥና «ሰ» ሆነች፤ «ጠ»ም ጠብቃ ተሰማች። ቃሉ «ሰጠችኝ» ነው። መምህሩ መልሼ እንዳጫውተው አልጠየቁኝም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሸጠ ልጅ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ የተሰጠ ኖሯል» አሉ።

የቅኔ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ክርክር ሊያነሣ ይችላል። ድምፃዊው «ሰጠችኝ»ን ሰም አድርጎ «ሸጠችኝ»ን በወርቅነት ሰውሮ ከሆነስ? ጓደኛሞቹ ያለ መሣሪያ ርዳታ የደረሱበት ያ ትርጉም ወርቁ ከሆነስ? ይህ ሊሆን የሚችል ነው፤ ክርክሩም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ወርቅን ከሰም ለመለየት በመጀመሪያ ሰሙ ሊሰማ ይገባል። በማይስማማ መርፌ የተሰማ ስንኝ ሰምም ወርቅም የለውም፤ ያለው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ሰሚውም በጫጫታው ላይ የራሱን ሐዘን ይጽፍበታል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋልያን ለትውልድ ማቆየት የሁላችን ኃላፊነት መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ያበቃው የሸክላ ዘመን ግን ጠባቂ ዘብ አልቆመለትም። በየከተማው ያሉ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የሙዚቃ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሸክላ ለመገልበጥ ሲነሡ አስቀድመው ውድ መሣሪያ መግዛት አይጠበቅባቸውም። የሚጠበቅባቸው ያላቸውን ክንድ ማወቅ፣ ለክንዱ የሚሆነውን መርፌ መርጦ ማሰር፣ ሸክላውን አጥቦ ማድረቅ፣ ከመለጠፊያው ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ሳያስቀሩ መመዝገብ፣ ድምፁንም ሳያስውቡና ሳይቆርጡ እንዳለ መያዝ ነው። ማሳመር ኋላም ይደርሳል። የሚፋቀው ትልም ግን ለሁለተኛ ሙከራ አይተርፍም።

ከመምህሩ 43 ሸክላዎች 39ኙ በሚገባ ተገልብጠዋል። በአራቱ ላይ የተንጠልጣዩ ማጫወቻ መርፌ ሥራውን ጨርሶ ነበርና ምንም ዓይነት ጥምረት የማይመልሰው ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ አራት ሸክላዎች ላይ ማን ምን እንዳለ፣ ላልቶ ይሁን ጠብቆ፣ የሚያስታውስ ጆሮ ካለ ከአሁኑ መጠየቅ አለበት።